ርካሹ ዲርሃም፦ ጥንታዊ ሳንቲሞች ስለ ምን በብዛት ተገኙ? ብዛታቸውስ ምን ያስተምረናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመድረሳ መምህር ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመዱ ያበረከተለትን የብር ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልን። ጽሑፉ ኩፊ ነበር። በዙሪያው የተቀረጸውን ስናነብለት፣ በዋሲጥ ከተማ በ122 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 739/40) የተመታ የኡመያዎች ዲርሃም ሆኖ ተገኘ። መምህሩ ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ በራ። በዓለም ገበያ በአሥሮች በሚቆጠር ዶላር ሊገዛ እንደሚችል ስንነግረው ግን ተከዘና «ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ነገር እንዲህ ከረከሰ እንዴት እውነተኛ ይሆናል?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። «ጥንታዊ ሁሉ ብርቅ ነው፤ ብርቅ ሁሉ ውድ ነው» የሚለው እምነት በሰፊው የተሰራጨ ነው። ይህ እምነት አንዱን በእርሻው ባገኘው መዳብ ሚሊዮን ያስመኘዋል፤ ሌላውን ለአጭበርባሪ ያጋልጠዋል፤ ሦስተኛውን ደግሞ ሳንቲሙ ርካሽ መሆኑን ባወቀ ጊዜ እንደ ተራ ነገር እንዲጥለው ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የዲርሃምን ታሪክ መነሻ አድርገን የብዛቱን ምክንያት እንመረምራለን። ቀጥለንም በገበያ የረከሰው በዕውቀት ሚዛን ስለ ምን እንደሚከብድ ለማሳየት እንሞክራለን።

የዲርሃሙ አመጣጥ

በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ዐረቦች የሚገበያዩት በሩም የወርቅ ዲናርና በፋርስ የብር ዲርሃም ነበር። ሙስሊሞች ፋርስን ከከፈቱ በኋላም የፋርሱን ሳንቲም ከነንጉሡ ምስል መምታት ቀጠሉ፤ ለውጡ በጠርዙ ላይ «ቢስሚላህ» እና መሰል የዐረብኛ ቃላት መጨመራቸው ነበር። ይህን ያስቀረው ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ቢን መርዋን ነው። በ77 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 696/7) ምስል የሌለበትን የወርቅ ዲናር አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ብሩ በዚያው መንገድ ተሠራ። በአንዱ ገጽ መካከል የተውሒድ ቃል፣ በሌላው መካከል ከሱረቱል ኢኽላስ የተወሰደ ቃል ሰፈረ። በብሩ ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ ሳንቲሙ የተመታበት ከተማና ዓመት ተጻፈ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለታሪክ ተመራማሪ ታላቅ ጸጋ ነው። ከዚያ ቀደም ከነበሩት የሮምና የግሪክ ሳንቲሞች አብዛኞቹ የተመቱበትን ዓመት በግልጽ አይናገሩም። ዲርሃሙ ግን የት እና መቼ እንደ ተወለደ በራሱ አንደበት ይመሰክራል።

የብዛቱ ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ሳንቲም ከጥንቱም በብዛት የሚሠራ ዕቃ መሆኑ ነው። የእጅ ጽሑፍ አንድ በአንድ ይገለበጣል። ሳንቲም ግን በብረት መምቻ ላይ ጽሑፉ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ በመዶሻ እየተመታ ከአንዱ መምቻ በሺዎች የሚቆጠር ይወጣል። የኡመያ መንግሥት በዲዋን ለተመዘገበው ሠራዊት ዐጧእ የሚከፍለው በገንዘብ ነበር፤ ኸራጅም በገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። ሐጃጅ ቢን ዩሱፍ በኩፋና በበስራ መካከል የቆረቆራት ዋሲጥ ለዚህ ሥራ ዋና ማዕከል ሆነች። በኸሊፋ ሂሻም ቢን ዐብዱልመሊክ ዘመን (105–125 ዓመተ ሂጅራ) የምሥራቁ ክፍል የብር ሳንቲም ሥራ በአብዛኛው በእርሷ ተጠቃለለ። ስለዚህ የመምህራችን ዲርሃም የብዙ ወንድሞች ታናሽ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት መቀበር ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የነበረው ሳንቲም አብዛኛው አልተረፈም፤ አዲስ ገዥ በመጣ ቁጥር እየቀለጠ አዲስ ስም ተጽፎበታል፣ ወይም የሴቶች ጌጥ ሆኗል። የተረፈው በአመዛኙ በመሬት ውስጥ የነበረው ነው። ባንክ ባልነበረበት ዘመን የሰው ገንዘብ መጠበቂያው እንስራና አፈር ነበር። ባለቤቱ በሰላም ከተመለሰ ቆፍሮ ያወጣዋል፤ በጦርነት፣ በወረርሽኝ ወይም በስደት ከቀረ ግን ድልቡ እዚያው ይቀራል። የኡመያ መንግሥት በ132 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 749/50) በዐባሲያን እጅ እንደ ወደቀበት ያለ የመከራ ዘመን ለቀባሪው ክፉ፣ ለዛሬው ተመራማሪ ግን የድልብ ምንጭ ነው። እንግዲህ የእያንዳንዱ ድልብ መገኘት በአብዛኛው የአንድ ሰው ሳይመለስ መቅረት ነው። ብዛቱን ስንመለከት ይህን መዘንጋት አይገባንም።

ሦስተኛው ምክንያት ንግድ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ ሳማኒዮች በቡኻራ፣ በሰመርቀንድና በሻሽ ከአካባቢያቸው ማዕድን እጅግ ብዙ ብር መቱ። ይህ ብር በቮልጋ ወንዝ መንገድ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ በምላሹ የዱር አራዊት ቆዳና ባሪያዎች ወደ ደቡብ ወረዱ። በ309–310 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 921–922) ከባግዳድ ወደ ቮልጋ ቡልጋሮች ንጉሥ የተላከው ኢብኑ ፈድላን በዚህ መንገድ ያያቸውን ነጋዴዎች በጽሑፍ ትቶልናል። ሰሜኖቹ የሳንቲሙን ጽሑፍ አላነበቡም። ብሩን በሚዛን ይቀበሉ ነበር፤ ሲያስፈልጋቸውም ዲርሃሙን እንደ እንጀራ ቆርሰው ይከፍሉበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 በስዊድን የጎትላንድ ደሴት ስፒሊንግስ በተባለ የእርሻ ቦታ የተገኘው ድልብ ወደ 67 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብር ነበረው። በውስጡ ከነበሩት ከ14,000 በላይ ሳንቲሞች እጅግ አብዛኞቹ የሙስሊሙ ዓለም ዲርሃሞች ነበሩ። ሱረቱል ኢኽላስ የተጻፈበት ብር አንባቢ በሌለበት የሰሜን አፈር ውስጥ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ተጠብቆ ቆየ።

አራተኛው ምክንያት ዘመናዊ ነው። ባለፉት ኀምሳ ዓመታት ገደማ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ በተራ ሰዎች እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝ ፍሮም ከተማ አቅራቢያ አንድ ሰው በዚህ መሣሪያ ያገኘው እንስራ 52,503 የሮም ሳንቲሞች ይዞ ነበር። እንዲህ ያለ አንድ ግኝት ብቻውን፣ ትናንት ብርቅ የነበረን ዓይነት ሳንቲም ዛሬ ተራ ሊያደርገው ይችላል።

ዕድሜ ዋጋ አይደለም

ከዚህ የምንረዳው የሳንቲም ዋጋ በዕድሜው የሚወሰን አለመሆኑን ነው። ዋጋውን የሚወስኑት ከዚያው ዓይነት ስንት ተረፈ፣ ስንት ሰው ይፈልገዋል፣ በምን ይዞታ ላይ ይገኛል የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው። በጎኑ የተሰበረ ወይም ጽሑፉ የተፋቀ ዲርሃም ይበልጥ ይረክሳል። ምስል አልባውን ሳንቲም ለማንበብ ኩፊ ማወቅ ስለሚጠይቅም ፈላጊው የንጉሥ ምስል ካለበት የሮም ሳንቲም ፈላጊ ያነሰ ሆኖ ኖሯል።

ሁለት የአንድ ዓመት ልጆችን እናነጻጽር። በ105 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 723/4) በዋሲጥ የተመታ ተራ ዲርሃም ደሞዝተኛ ሰው ሊገዛው የሚችል ነው። በዚያው ዓመት የተመታና በሒጃዝ የሚገኘውን የአሚረል ሙእሚኒን ማዕድን ስም የያዘ የወርቅ ዲናር ግን በለንደን ጨረታ ወደ 3.7 ሚሊዮን ፓውንድ ተሽጧል። ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ የሁለቱም መንግሥት አንድ ነው። የብርና የወርቅ ልዩነትም ቢሆን ይህን ያህል ርቀት አያስረዳም፤ ከሌሎቹ የኡመያ ዲናሮች አብዛኞቹ ከዚህ ዋጋ አጠገብ እንኳ አይደርሱም። የለያቸው የተረፉት ቁጥርና የተጻፈው የቦታ ስም ነው።

ከአገራችን ምድር

ይኸው ሕግ በአክሱም ሳንቲሞች ላይም ይሠራል። አክሱም ከሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና መዳብ መትታለች። መዳቡ ለአገር ውስጥ ገበያ የዋለ ስለ ነበር ዛሬም ገበሬው ማሳውን ሲያርስ ወይም ጎርፍ አፈሩን ሲጠርግ ብቅ ይላል። ወርቁ ግን ባሕር ተሻግሮ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1980 በየመን በኤደን አቅራቢያ አል-መዳሪባ በተባለ ቦታ ከአንድ ሺህ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች የያዘ ድልብ ተገኘ፤ አብዛኞቹ የአክሱም፣ የቀሩት የሮም ነበሩ። ስለ አክሱም ወርቅ ያለን ዕውቀት በዚህ አንድ ድልብ እጅግ ሰፍቷል።

የመጨረሻው ሳንቲም መቺ ንጉሥ አርማሕ መዳቦችም ከሚታወቁት መካከል ናቸው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን ንጉሥ ሰሓባዎችን ከተቀበለው ከነጃሺ አስሐማ ጋር አያይዘውታል። ጉዳዩ አከራካሪ ነው። በሚንበር ላይ «ይህ የነጃሺ ሳንቲም ነው» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ መጫን ይሆናል። ሳንቲሙ የሚሰጠን አርማሕ የሚለውን ስም እንጂ የስደተኞቹን ታሪክ አይደለም።

ብዛት እንደ ምስክር

የሐዲሥ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በውሸት ሊስማሙ በማይችሉ ብዙ ሰዎች የተላለፈ ወሬ ሙተዋቲር ይባላል፤ እርግጠኛ ዕውቀትም ይሰጣል። ንጽጽሩ ፍጹም ባይሆንም፣ በገበያ የረከሰው ሳንቲም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አለው። አንድ ብርቅ ዲናር ቢመዘን፣ ምናልባት ተሸርፎ ወይም ተሳስቶ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። በተለያዩ አገሮች ሙዚየሞች የሚገኙ ብዙ ዲናሮች ተመዝነው ወደ አንድ ክብደት ሲሰበሰቡ ግን ጥርጣሬ ይወገዳል።

ይህ ለኢማሞቻችን ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የወርቅ ዘካ ኒሷብ 20 ዲናር፣ የብሩ 200 ዲርሃም ነው። በዘመናችን ግራም እንዴት ተገኘ? ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ ስለ ዘካ በጻፉት ታላቅ መጽሐፋቸው ከተመረኮዙባቸው ማስረጃዎች አንዱ በሙዚየሞች የተጠበቁት የዐብዱልመሊክ ዲናሮች ክብደት ነው፤ እርሱም 4.25 ግራም ነው። ሃያው ሲባዛ 85 ግራም ይሆናል። ፉቀሃዎች አሥር ዲርሃም የሰባት ዲናር ክብደት እንዳለው ስለ መዘገቡ፣ የዲርሃሙ ክብደት 2.975 ግራም፣ ኒሷቡም 595 ግራም ብር ሆነ። ዛሬ በእጃችን የሚገቡት ዲርሃሞች በአብዛኛው ከዚህ ጥቂት ያንሳሉ፤ ብር በእጅ ይበላልና፣ ጠርዙም ይሸረፋልና። ስለዚህ መለኪያው ከወርቁ ተነሥቶ ወደ ብሩ መውረዱ ተገቢ ነው። በሌላ ስሌት 87.48 ግራም ወርቅና 612.36 ግራም ብር የሚይዙ የሐነፊ ዑለማ አሉ፤ ልዩነቱ ከሌላ የክብደት መለኪያ የመጣ ነው። በየረመዷኑ በመስጂዳችን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ቁጥር እንግዲህ በከፊል እነዚያ ብዙ ሳንቲሞች የሰጡት ምስክርነት ነው።

የጠፋው ኢስናድ

የብዛቱ ጉዳት ግን እዚህ ላይ ይጀምራል። ሳንቲም ርካሽ ሲሆን ከየት እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ይጠፋል። ድልቡ ተከፋፍሎ በአንድ አንድ ይሸጣል፤ እንስራው ይሰበራል፤ ቦታው ይረሳል። ያለ መገኛው የቀረ ሳንቲም ኢስናዱ የጠፋ መትን ነው። ጽሑፉ ይነበባል፤ ነገር ግን ማን ቀበረው፣ ከምን ጋር፣ በየትኛው የንግድ መንገድ መጣ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የለውም። ስፒሊንግስ የታሪክ ምንጭ የሆነው ድልቡ በአንድነት ስለ ተጠበቀ ነው።

የጥንት ፉቀሃዎቻችን ይህን ነገር ከሌላ አቅጣጫ አስተውለውት ነበር። ተቀብሮ የተገኘ ገንዘብ የጃሂሊያ ምልክት ካለበት ሪካዝ ሆኖ አንድ አምስተኛው ይወጣበታል፤ የቁርኣን አንቀጽ ወይም የሙስሊም ገዥ ስም ካለበት ግን የሙስሊም ንብረት ነውና እንደ ሉቀጣ ባለቤቱ ይፈለግለታል። ፍርዱ የተንጠለጠለው ሳንቲሙን በማንበብና የተገኘበትን ቦታ በማወቅ ላይ ነበር። በአገራችን ዛሬ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ እንዳለበት የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ገበሬ ሳንቲም ይዞ ወደ መስጂድ ሲመጣ የምንለው ነገር አለን። በሎሚም ሆነ በአሸዋ አትሸው፤ የዝገቱ ሽፋን ሲነሣ ጽሑፉ አብሮ ይሄዳል። የተገኘበትን ቦታ ምልክት አድርግ፤ በዙሪያው የነበረውን ሸክላ አትጣል። ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቅ። ሚሊዮን ያወጣል ብለን ተስፋ አንስጠው፤ ምንም አይረባም ብለንም አናሰናብተው።

መምህራችን በመጨረሻ ሳንቲሙን አልሸጠም። ተማሪዎቹ በእጃቸው እየተቀባበሉ በጠርዙ ላይ ያለውን የከተማና የዓመት ስም በየተራ እንዲያነቡ ያደርጋል። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሲነግረን፣ ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ነበር፤ በኋላ ግን «ማን ይዞት ነበር?» ማለት ጀመሩ። ለዚህኛው ጥያቄ መልስ አልነበረውም፤ ሳንቲሙ ከየት አፈር እንደ ወጣ የመዘገበ አልነበረምና። ወላሁ አዕለም።