የጠላ እርሾ የመራቢያ ዓይነትና የዘረመል ሥርዓቱ

በለገዳዲና በአካባቢዋ በየቤቱ በሚጠመቀው ጠላ ውስጥ ስኳርን ወደ አልኮል ከሚለውጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ዋነኛው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የተባለው እርሾ ነው። ይህ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ «ኤ» እና «አልፋ» የሚባሉ ሁለት የመራቢያ ዓይነቶች አሉት። ዓይነቱን የሚወስነው በ3ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው «ማት» የተሰኘ ሥፍራ ነው። «ኤችኦ» ከተባለው ዘረመል የሚገኘው ኢንዛይም ይህን ሥፍራ ሲቆርጥ፣ ሕዋሱ በዚያው ክሮሞሶም ላይ ሥራ ሳይጀምር ከተቀመጠ ቅጂ በመገልበጥ ዓይነቱን ይቀይራል። በመሆኑም ከአንድ ሕዋስ የተገኙ እርሾዎች እርስ በርሳቸው ሊጣመሩ ይችላሉ። የተጣመረው ሕዋስ ምግብ ሲያጣ ድርቀትን የሚቋቋሙ 4 ስፖሮችን ያስገኛል፤ 2ቱ «ኤ»፣ 2ቱ «አልፋ» ይሆናሉ።

የአገር ውስጥ እርሾ የጄኔቲክ ሀብት ነው። ስለሆነም ለምርምር ለመውሰድም ሆነ ከአገር ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ኅብረተሰቡ በልማድ መጠቀሙንና መለዋወጡን ግን አዋጁ አይከለክልም።