ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም፦ ሥልጣን ያልነበረው ሊቀመንበር

ስለ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በስደት በምንኖረው ኢትዮጵያውያን መካከል ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ሲሰነዘሩ ኖረዋል። አንደኛው ወገን እርሳቸው ቢቆዩ ኖሮ አገሪቱ ከደረሰባት መከራ በዳነች ነበር ይላል። ሌላው ለደርግ በሩን የከፈቱለት እርሳቸው ናቸው ሲል ይወቅሳል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ ሁለቱም ወገኖች ጄኔራሉ ያልነበራቸውን ሥልጣን እንደነበራቸው አድርገው የሚከራከሩ መሆናቸውን ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

አማን ከኤርትራውያን ወላጆች በካርቱም ተወለዱ። በኮሪያ ጦርነት ከኢትዮጵያ ዘማቾች ጋር ተሰልፈዋል። ስማቸው በይበልጥ የገነነው ግን በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ውጊያ፣ ሐረር ላይ የሰፈረውን ሦስተኛውን ክፍለ ጦር በመሩበት ጊዜ ነው። ወታደሩ «የበረሃው አንበሳ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ከጦር አዛዥነት ተነሥተው በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እንዲቀመጡ ተደረገ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እንዲህ ያለው ሹመት ክብር ቢኖረውም፣ ሠራዊቱ የሚወደውን መኮንን ከሠራዊቱ የሚለይ ነበር።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ደርግ 120 ያህል አባላት ሲኖሩት፣ ማዕርጋቸው ከሻለቃ የማይበልጥ መኮንኖችና ተራ ወታደሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በሕዝብ ዘንድ አይታወቁም፤ ስለሆነም የታወቀና የተከበረ ሰው አስፈለጋቸው። አማን በመጀመሪያ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም፣ ቀጥሎ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱም የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀመንበርነትና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢነት ተጨመረላቸው። ሦስት ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ የተጠቃለለ ይመስል ነበር። ዳሩ ግን ሊቀመንበሩ ከደርጉ አብራክ የወጡ ሳይሆኑ ከውጭ የተጠሩ ነበሩ፤ ውሳኔው የጉባኤው፣ ፊርማው የእርሳቸው ሆነ።

ልዩነቱ ለመገለጥ ጊዜ አልወሰደበትም። አማን የደርጉ አባላት ቁጥር በዝቷል ብለው ያምኑ ነበር። የታሰሩት ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ እንዲገደሉ አልፈቀዱም። ከሁሉ የከበደው የኤርትራ ጉዳይ ነበር። በ1966 ዓ.ም. መጨረሻና በ1967 ዓ.ም. መባቻ ወደዚያው ተጉዘው ሕዝቡን በትግርኛ አነጋገሩ፤ ችግሩ በውይይት እንዲፈታም ደከሙ። በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የሚመራው ወገን ተጨማሪ 5,000 ወታደር ይላክ ሲል እምቢ አሉ። በኅዳር ወር ሥራቸውን ትተው ከቤታቸው ዋሉ።

ኅዳር 14 ቀን ሊይዟቸው የተላኩ ወታደሮች ቤታቸውን ከበቡ። እጃቸውን አልሰጡም፤ በተኩስ ልውውጥ ሞቱ። ሊቀመንበር ከሆኑ 72 ቀን ቢሆን ነው። በዚያው ሌሊት የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን የሚገኙባቸው 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ደም ሳይፈስ መጣሁ ያለው ለውጥ በአንድ ሌሊት መልኩ ተለወጠ።

እርሳቸውን የተኩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በደርጉ እጅ ተገደሉ። በኋላ ፕሬዚዳንት ለመባል የበቁት ሁለቱን ጄኔራሎች ከኋላ ሆነው ሲጠብቁ የቆዩት መንግሥቱ ናቸው።

እንግዲህ ፍርዳችን ምን ይሁን? አማን ከተጠያቂነት ነፃ ናቸው አንልም። ደርጉ ሕዝብ ፊት ለመቆም ድፍረት ባነሰው ሰዓት በእርሳቸው ክብር ተከልሏል፤ እርሳቸውም ይህን ፈቅደዋል። በሌላ በኩል፣ ፊርማቸው ለግድያ በተፈለገ ጊዜ ከለከሉ፤ የክልከላውንም ዋጋ በሕይወታቸው ከፈሉ። ቢኖሩ ኖሮ የኤርትራ ጦርነት እስከ 1983 ዓ.ም. ባልዘለቀ ነበር ብሎ ማረጋገጥ ግን ከታሪክ ጸሐፊ አይጠበቅም። ከሕይወታቸው የምንማረው ሌላ ነው፦ በሕግ ያልተወሰነ ጉባኤ የሚያስቀምጠው መሪ፣ ጀግናም ቢሆን ቅን፣ ጉባኤው እስኪያጠነክር ድረስ ብቻ የሚፈለግ መሆኑን ነው።