ከመፋቂያ እስከ ጉጠት፦ የጥርስ አጠባበቅ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች

አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ለጥርስ የሰጠው ቦታ ከአነጋገሩ ይታወቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ ሙያ የተካነ ሰው «ጥርሱን የነቀለበት ነው» ይባልለታል። ቂም የቋጠረ ሰው በባላንጣው ላይ ጥርሱን ይነክሳል፤ ጨዋታ ዐዋቂው ጥርስ አያስከድንም። በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ሲጋጩ ሽማግሌው «ምላስና ጥርስ እንኳ ይጋጫሉ» ብሎ ያስታርቃቸዋል። የሴት ልጅ ውበት ሲወሳ ፍንጭቷ ሳይነሣ አይታለፍም፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍልም የድድ ንቅሳት ከውበት መለኪያዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ በአነጋገርና በዘፈን እንዲህ የተከበረ የአካል ክፍል እንዴት ተጠብቆ እንደኖረ፣ በታመመም ጊዜ በማን እጅ እንደታከመ የሚያትት ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። የታሪክ ጸሐፊዎች ዓይን ከዙፋኑና ከጦር ሜዳው ላይ ሳይነሣ በመቆየቱ፣ ሕዝቡ የበላው፣ የጠጣውና የታመመው ከታሪክ ደጃፍ ውጭ ቀርቷል። ነገር ግን የአንድ ከተማ ነዋሪ ምን ውኃ እንደጠጣ፣ ከማን ገበያ እንደሸመተ፣ በጭንቁ ጊዜ ወደ ማን እንደሄደ ጥርሱ ይመሰክራል።

ለዚህ አባባል የደቡብ ቆላ ከተሞች ጥሩ አብነት ይሆናሉ። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል በሊበን ምድር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የደጋው ጥድና ወይራ ተሟጦ የቆላው ግራር የሚጀምረው በዚህ አካባቢ ነው። ከዚህ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ፣ በሌላም አቅጣጫ ወደ ያቤሎ፣ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ የሚያደርሱ መንገዶች የቦረናውንና የጉጂውን ኦሮሞ፣ ሶማሌውን፣ ከደጋው የመጣውን ነጋዴና ወታደር በአንድ ገበያ ሲያገናኙ ኖረዋል። የጥርስ አጠባበቅ ልማድም የተወራረሰው በዚሁ ገበያ ነው።

በነዚህ ከተሞች የመጀመሪያው የጥርስ ማጽጃ መሣሪያ መፋቂያ ነው። ኦሮሞው «ሪጋ» ይለዋል። ደጋ ቀመስ በሆነው አካባቢ ከወይራ ይቆረጣል። ወደ ዶሎና ወደ ሞያሌ በሚያቆለቁለው ምድር ደግሞ ሶማሌው «ዓደይ» የሚለው፣ የዕፀዋት ሊቃውንት «ሳልቫዶራ ፐርሲካ» ብለው የሰየሙት ቁጥቋጦ ሥሩና ቅርንጫፉ ለዚህ አገልግሎት ይውላል። በእስልምናው ዓለም «ሚስዋክ» በሚል ስም ከጸሎት በፊት አፍን ለማጽዳት ሲያገለግል የኖረውም ይኸው ተክል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ስንዝር የሚያህለው እንጨት ከጫፉ ላይ ልጡ ይላጣል፣ ጫፉ እስኪበታተን ድረስ ይኘካል፣ በዚያም ጥርስ አንድ በአንድ ይፋቃል። የተበታተነው ጫፍ ሲያረጅ ተቆርጦ ይጣልና አዲስ ጫፍ ይወጣለታል።

መፋቂያ ማንም ለማንም የማያውሰው የግል ዕቃ ቢሆንም ልማዱ የጋራ ነው። በማለዳ ከብት የሚያሰማራው እረኛ፣ ሱቁን የሚከፍተው ነጋዴ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚያመራው ልጅ መፋቂያውን እንደያዘ ሰላምታ ይለዋወጣል። የሚፋቀው እንጨት መልካሙ የትኛው እንደሆነ፣ ድድን ሳያቆስሉ እንዴት እንደሚፋቅ ልጅ የሚማረው ከእናቱና ከታላላቆቹ ነው። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች «የአፍ ጤና ትምህርት» የሚሉት ነገር በቆላው ቤት ውስጥ ስም ሳይወጣለት ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነበር።

የአመጋገቡ ሥርዓትም ለጥርስ ባለውለታ ነበር። የአርብቶ አደሩ ዋና ምግብ ወተት ነው። የወተቱ ዕቃ በወይራና በሌሎችም መዓዛማ እንጨቶች ፍም ስለሚታጠን፣ ጥርስ የሚያጸዳው እንጨትና የወተት ዕቃ የሚያጸዳው እንጨት ብዙ ጊዜ ከአንድ ዛፍ ይገኛል። በቅቤ የሚጠበሰው ቡና፣ ማለትም «ቡና ቀላ»፣ ለእንግዳና ለምርቃት የሚቀርብ የክብር ምግብ እንጂ ስኳር የሚጨመርበት መጠጥ አልነበረም። ከሜጋ በስተሰሜን በኤል ሶድ፣ በተለምዶ «ጨው ቤት» በሚባለው ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ከሚገኘው ሐይቅ የሚወጣው ጨው ለሰውም ለከብትም ይደርስ ነበር። ድዱ ያበጠበት ሰው በሞቀ የጨው ውኃ ይጉመጠመጣል፤ ጥርሱ የተቦረቦረበት ቅርንፉድ ይነክሳል። ሕመሙ ከዚህ ያለፈ እንደሆነ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻው አጥንት የሚጠግን፣ የወለቀ የሚመልስ፣ ሲያስፈልግም ጥርስ የሚነቅል የመንደር ባለሙያ ነበር።

ዘመናዊ ሕክምና በዚህ ቆላ ጎልቶ ከታየባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ የጦርነት ወቅት መሆኑ ያሳዝናል። በ1928 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር በዘመቱ ጊዜ፣ በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር የሚመራ የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ሠራዊቱን ተከትሎ በገናሌ ዳር በመልካ ዲዳ ድንኳኑን ተክሎ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ይህንን የሕክምና ሰፈር በቦምብ ደበደቡት። በሽተኞች ተገደሉ፤ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ስዊድናዊ የአምቡላንሱ ባልደረባም ሕይወቱን አጣ። በተከታዩ ወር የግራዚያኒ ጦር ነገሌን ያዘ። የቆላው ሕዝብ ሐኪምና ድንኳኑን ባየ ማግሥት አመዱን አየ።

ከነፃነት በኋላ ሕክምና ወደ ነዚህ ከተሞች በዝግታ ተመለሰ። የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮን ሠራተኞች በሲዳሞና በቦረና ምድር የሕክምና ሥራ ጀመሩ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ደግሞ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች የሚሆኑ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በትንሽ ከተማ ግን ሕዝቡ በቅርብ የሚያውቀው «ሐኪም» ድሬሰሩ ነበር። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው እሱ ነበር፤ ጥርስ የታመመበትም ወደሱ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የተቦረቦረ ጥርስ የሚሞላበት መሣሪያ ስለማይኖረው ከወጌሻው የሚለየው ማደንዘዣ በማግኘቱና ጉጠቱን በመቀቀሉ ነበር። ሕክምናው መንቀል፣ መድኃኒቱም መንቀል ሆኖ ኖረ። ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ለመታከም የተገደደ ሰው በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ቀናት የሚፈጅ ጉዞ ይጠብቀዋል፤ ለዚህም ዘመድና ጎረቤት ገንዘብ ያዋጣል። ያማረለት ነጋዴ የወርቅ ጥርስ አስተክሎ ሲመለስ ለወርቅ ምድሯ ለአዶላ ጎረቤት በሆነችው ከተማ ደስታው የመንደር ወሬ ይሆናል።

የውኃም ነገር ከዚህ ታሪክ አይለይም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበረው የአራተኛ ብርጌድ ወታደር በምግቡ ብልሽትና በውኃ እጦት ተማርሮ አመፀ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ አደረገ። ይህ አመፅ ለየካቲቱ አብዮት ከፋና ወጊዎቹ አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ከተማዪቱ በአገር ታሪክ ላይ ስሟን ያስጻፈችው ወደ አፍ በሚገባ ነገር ምክንያት ነበር። በቦረና ምድር ውኃ የጋራ ሥርዓት ያለው ሀብት ነው፤ ቱላ የሚባሉት ዘጠኙ የጥልቅ ጉድጓድ ሥፍራዎች በጎሣና በተራ የሚተዳደሩ፣ ሰዎች ተሰልፈው እየዘፈኑ ውኃ የሚቀዱባቸው ናቸው። እንዲህ በድካም የተገኘ ውኃ በቅድሚያ ለመጠጥና ለከብት ይውላል። ውኃ የማይፈልገው መፋቂያ በዚህ አገር ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሥር ነቀል ለውጥ ያመጣው ግን ስኳር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ የጥቂቶች ቅምጥል የነበረው ስኳር እስከ ገጠር ሱቅ ድረስ ዘለቀ። በቆላ ከተሞች ወተት የበዛበት ጣፋጭ ሻይ የእንግዳ ማክበሪያ፣ የገበያ ማረፊያ፣ የጫት ማጣጫ ሆነ። ጫት አፍን ያደርቃል፤ የደረቀውን አፍ ለማርጠብ በላዩ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይወረድበታል። ምራቅ የጥርስ ተፈጥሯዊ ጠባቂ ስለሆነ፣ አፍ በደረቀበት ሰዓት የሚገባ ስኳር ለጥርስ ትል ሳይሆን ለእውነተኛው ጠላት፣ ማለትም ስኳሩን ወደ አሲድ ለሚለውጠው ተሕዋስ ሲሳይ ይሆናል። ስኳር በጭነት መኪና በየሳምንቱ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ የጥርስ ሐኪም ግን ተከትሎት አልወረደም። በጅማ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሐኪሞችን በዶክትሬት ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። በስኳሩና በሐኪሙ መምጫ መካከል ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ለጉጠት የተተወ ዘመን ነበር።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል የጥናት ማስረጃ መጥቀስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ምግብ ጥናት ውስጥ ጥርስም ተመርምሮ ነበር። ውጤቱ እንዳመለከተው በጊዜው በኢትዮጵያውያን ዘንድ የጥርስ መቦርቦር ጥቂት ሲሆን የሚበዛው የድድ በሽታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ያደረገው ጥናት መፋቂያ አጠቃቀሙ በሚገባ ከተማሩት ከጥርስ ቡርሽ የማያንስ መሆኑን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ መፋቂያ የያዘ ልጅ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ሲታይ የኖረው ያለ በቂ ምክንያት ነው። ቡርሽና ሳሙና መግዛት የማይችል ቤተሰብ፣ ልጁ በመፋቂያው ካፈረ፣ የሚቀረው ባዶ እጅ ነው።

ነገር ግን በዚሁ «ባህል» በሚባለው ጥላ ሥር የተጠለለ ሌላም ነገር አለ። በአገራችን በብዙ ሥፍራ፣ በደጋም በቆላም፣ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስቧጠጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል የተለመደ ነበር፤ ፈጽሞም አልጠፋም። ገና ያልበቀለው የክራንቻ ጥርስ ድዱን ወጥሮ ሲታይ የበሽታው መንሥኤ እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ከዚያም በምላጭ፣ በተሳለ ሽቦ ወይም በመርፌ ተጎርጉሮ ይወጣል። እናት ይህን የምታደርገው ልጇን ለማዳን ነው፤ ልቧ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ዕውቀቱ ነው። ሕፃኑ የሚያስፈልገው በተቅማጥ ያጣውን ፈሳሽ መተካት ሆኖ ሳለ፣ በላዩ ደም መፍሰስ፣ መመረዝና መንጋጋ ቆልፍ ይጨመርበታል። ቢተርፍም ከወተት ጥርሱ ሥር የተኛው ቋሚ ጥርስ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር ከተዋጋቸው ልማዶች መካከል ይህ አንዱ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት እነሆ ይህ ነው። መፋቂያውም ግጉም ከአንድ ቤት፣ ከአንድ እናት እጅ የወጡ ናቸው። ሁለቱንም «ኋላ ቀር» ብሎ የጣለ ሰው ልጆችን ርካሽና መልካም ከሆነ መሣሪያ ይለያያቸዋል፤ ሁለቱንም «ባህላችን» ብሎ ያቀፈ ደግሞ ሕፃናትን ለምላጭ አሳልፎ ይሰጣል። ባህልን ማክበር ማለት መርምሮ መለየት ማለት ነው። ለመለየት ደግሞ የሚበጀው ዘዴ ልማዱ በመጣበት መንገድ መሄድ ነው፤ ይኸውም በእናቶች፣ በአያቶች፣ በወጌሻውና በሃይማኖት አባቶች በኩል። ወጌሻው ምላጩን አስቀምጦ የታመመውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ፣ መምህሩ ከነመፋቂያው የመጣውን ተማሪ በክፍሉ ፊት አቁሞ አጠቃቀሙን የሚያስተምር፣ ሻይ የምታፈላውም እናት የልጇን ብርጭቆ ከስኳር የምታሳርፍ ከሆነ፣ የነገሌና የጎረቤቶቿ ልጆች ጥርሳቸውን የሚነቅሉት በሙያቸው ብቻ ይሆናል።