ዝምተኛዋ

በ1997 ዓ.ም. ሰበታ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ በፈተና ጎበዝ፣ ስትጠየቅ ዝም። ዓይናፋር ናት ብዬ ተውኳት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ የኦሮሚያ ልጅ እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ይማር ነበር፤ እንግሊዝኛ ከትምህርቶቹ አንዱ ብቻ ነው። ዘጠነኛ ሲገባ ግን ሒሳቡም ባዮሎጂውም በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ከኬላው ወዲያ ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ከሰባተኛ ጀምሮ ለምዶታል። የቡራዩና የሱሉልታ ልጆችም ዕጣቸው እንደ ሰበታዎቹ ነበር።

በዚያ ላይ ፕላዝማ መጣ። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው። የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ይጠይቅና ጥቂት ሰኮንድ ቆይቶ "ልክ ናችሁ!" ብሎ ያልፋል። ማን እንደመለሰለት እንጃ! እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሱ ብዙ አልሻልም ነበር፤ ፈጥኖ እጁን የሚያወጣውን ብቻ ነበር የማየው።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። መልሱን መጀመሪያ አጠገባቸው ላለ ልጅ በኦሮምኛ እንዲነግሩ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው በእንግሊዝኛ እንዲያሰናዱት አደረግሁ። ስሟን ጠርቼ ጠበቅሁ። ክፍሉም ጠበቀ። ተነሥታ ፎቶሲንተሲስን በአራት አጫጭር ዓረፍተ ነገር አስረዳች። ሦስተኛው ላይ ግሱን ሳተችው፤ አላረምኳትም።