ገደኛው ጎማ

ቦታው ካዛክስታን፣ ባይኮኑር ነው። ወደ ጠፈር የሚሄዱት ሰዎች ልብሳቸውን ለብሰዋል። ልብሱ አየር እንደማያሾልክ ተፈትሿል፣ ባለሙያዎቹም አረጋግጠው ዘግተውላቸዋል። አውቶቡሱ ወደ ሮኬቱ ይነዳል። ከዚያ መሀል መንገድ ላይ ቆም ይላል። ወንዶቹ ይወርዳሉ፣ ያ ሁሉ ፍተሻ የተደረገለትን ልብስ ይፈታሉ፣ በአውቶቡሱ የቀኝ የኋላ ጎማ ላይ ይሸናሉ። ባለሙያዎቹ ልብሱን እንደገና ይዘጉላቸዋል። ጉዞ ይቀጥላል።

ቀልድ አይደለም። ነገሩ የጀመረው ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልን)። የ27 ዓመቱ ዩሪ ጋጋሪን ወደ ሮኬቱ ሲሄድ ሽንቱ መጣ። ወረደ፣ ሸና፣ ተሳፈረ። ከዚያ ምድርን ዞሮ በ108 ደቂቃ ውስጥ በሰላም ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮ ያ ጎማ ጎማ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለተመለሰ ግን ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ወረደ። ሴቶቹን ማንም አያስገድዳቸውም፤ ያም ሆኖ አንዳንዶቹ በብልቃጥ ይዘው መጥተው ጎማውን አርሰውታል ይባላል።

ይህ ታሪክ በሌላኛው የዓለም ጫፍ መንታ አለው። ከጋጋሪን 23 ቀን በኋላ፣ ሜይ 5 ቀን 1961፣ አሜሪካዊው አለን ሼፐርድ ፍሎሪዳ ውስጥ ሮኬት ጫፍ ላይ ታስሮ ተቀምጧል። በረራው የ15 ደቂቃ ስለሆነ ስለ ሽንት ያሰበ ሰው አልነበረም። መዘግየት ላይ መዘግየት ተጨመረና ከአራት ሰዓት በላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ አስፈቅዶ እዚያው ልብሱ ውስጥ ለቀቀው። ከዚህ የወጣው ግን ሥርዓት ሳይሆን የምህንድስና ሥራ ነው፤ ለቀጣዮቹ ተጓዦች የሽንት መያዣ ተበጀላቸው። አሜሪካኖቹ ከሼፐርድ የወረሱት ቁርሱን ነው። በዚያ ጠዋት ሥጋና እንቁላል በልቶ ነበርና ስቴክና እንቁላል ለብዙ ዓመታት የጠፈርተኛ የስንብት ቁርስ ሆኖ ኖረ። አንዱ አገር ሽንቱን፣ ሌላው ቁርሱን ወረሰ።

ለማትሪክ ፈተና የተለየ እስክሪብቶ የነበረን ሰዎች በዚህ መሳቅ አያምርብንም። ደግሞም የባይኮኑር ልማድ በጎማው አያልቅም። ተጓዦቹ ገና ሞስኮ እያሉ ጋጋሪን የተቀበረበት የክሬምሊን ግንብ ሥር አበባ ያስቀምጣሉ። ቀጥሎ የጋጋሪን ቢሮ ገብተው መዝገብ ላይ ይፈርማሉ፤ እዚያ ያለው ሰዓት በ1968 በልምምድ በረራ ላይ የሞተባት ደቂቃ ላይ ቆሟል። ባይኮኑር ሲደርሱ በስማቸው ዛፍ ይተክላሉ። ሮኬቱ በባቡር ተጎትቶ ሲወጣ ተለዋጮቹ ሊያዩት ይችላሉ፤ ዋናዎቹ ተጓዦች ግን ማየት የለባቸውም፣ ገደ ቢስ ነው። ሰው ሐዲዱ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ባቡሩ እንዲጨፈልቅለት ያደርጋል፤ ያቺ ሳንቲም ገደኛ ናት። የሶቪየት መንግሥት ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ካህን መጣ፤ ሮኬቱንም ተጓዦቹንም ፀበል ይረጫል። አዲስ ቤት ፀበል ሲረጭ ያየ አንባቢ ይህኛው ብዙም አይደንቀውም። የሚደንቀው የቀደመው ነው። ሃይማኖት የለሽ ነኝ ይል በነበረ መንግሥት ሥር፣ በሒሳብ ያደጉ መሐንዲሶች መሀል፣ ይህ ሁሉ ሥርዓት ከየት በቀለ?

ለእኛ መልሱ ያለው ፊልሙ ላይ ነው።

ተጓዦቹ ከበረራው በፊት ባለው ምሽት ቁጭ ብለው አንድ ፊልም ያያሉ፤ የ1970 የሶቪየት ሥራ ነው፣ «የበረሃው ነጭ ፀሐይ»። ሱኮቭ የሚባል ወታደር ጦርነት ጨርሶ በበረሃ ወደ ሚስቱ ሊመለስ ሲል በየመንገዱ ሌላ ጣጣ ይይዘዋል። ጥሩ ፊልም ነው፣ ያስቃልም። ግን ሰው አንድን ፊልም ከሃምሳ ዓመት በላይ እየተቀባበለ የሚያየው ስለሚያስቅ ብቻ አይደለም።

ጁን 30 ቀን 1971 ሦስት ሰዎች ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭ እና ፓትሳዬቭ በሶዩዝ 11 ወደ ምድር ይመለሱ ነበር። ከ23 ቀን በላይ ጠፈር ላይ ቆይተዋል፤ በጊዜው ይህን ያህል የቆየ ሰው አልነበረም። መጀመሪያውኑ የእነሱ ተራ አልነበረም። ዋናዎቹ ተጓዦች ሌሎች ነበሩ፤ ሊበሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የአንዱ ሳንባ በራጅ ላይ አጠራጠረና ተለዋጮቹ እነዚህ ሦስቱ ተተኩ። መንኮራኩሩ ሲመለስ ክፍሎቹ በሚለያዩበት ቅጽበት አንድ ቫልቭ ያለ ጊዜው ተከፈተ። ከምድር 168 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ወጥቶ አለቀ። የጠፈር ልብስ አልለበሱም ነበር፤ ሦስት ሰው ከነልብሱ የሚይዝ ቦታ አልነበረም። ፓራሹቱ ተዘረጋ፣ ካፕሱሉ እንደ ደንቡ አረፈ። ሊቀበሏቸው የመጡት ሰዎች ግድግዳውን አንኳኩ። የሚመልስ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የተጓዦቹ ቁጥር ወደ ሁለት ወረደ፣ የጠፈር ልብስም ግዴታ ሆነ። ቀጣዩ ቡድን፣ ላዛሬቭ እና ማካሮቭ፣ በ1973 በሶዩዝ 12 ሄዶ ተመለሰ። ፊልሙን ከመሄዳቸው በፊት አይተውት ነበር፣ ልማዱም ከእነሱ ጀመረ ይባላል። ልብ በሉ፤ ሰዎቹን ያተረፈው ልብሱ ነው፣ ይህን ደግሞ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ፊልሙ የቀረው ለሌላ ሥራ ነው። ከሞት በኋላ የመጀመሪያው ሆኖ መሄድ ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በዚያ ምሽት ያዩትን ማየት፣ ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው።

እነዚሁ ሁለት ሰዎች ኤፕሪል 5 ቀን 1975 እንደገና አብረው ተነሡ። ሮኬቱ መንገድ ላይ ከሸፈ። ከራሳቸው ክብደት ከ20 እጥፍ በላይ እየተጫናቸው ወርደው አልታይ ተራራ በረዶ ላይ ወደቁ፣ ካፕሱሉ ቁልቁል ሊንከባለል ሲል ፓራሹቱ ተያዘ። ተረፉ። እዚህ ላይ ገድ የሚያምነው «አያችሁ፣ ተረፉ!» ይላል፤ የማያምነው «አያችሁ፣ ወደቁ!» ይላል። ሁለቱንም አሸናፊ የሚያደርግ ክርክር ስለሆነ እንተወው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። ከባይኮኑር ኦክቶበር 24 ቀን ሮኬት አይተኮስም። ስለ ዕለቱ ያልሰማ ሰው እንደ አርብ 13 ዓይነት የአጉል እምነት ቀን ሊመስለው ይችላል።

በ1960 በዚያ ቀን አር-16 የተባለ አዲስ ሚሳኤል ማስወንጨፊያው ላይ ቆሞ ነበር። ነዳጁ ተሞልቷል፤ ነዳጁም መርዛማና ከማቀጣጠያው ጋር ሲነካካ ወዲያው የሚነድ ዓይነት ነው። ብልሽት ተገኘ። ደንቡ ነዳጁን አውጥቶ መጠገን ነው። ነገር ግን የኖቬምበር 7 የአብዮት በዓል ቀርቧል፣ ከላይም ግፊቱ በርትቷል። ስለዚህ ነዳጅ የጠጣው ሚሳኤል ላይ ሰዎች ወጥተው እንዲጠግኑ ታዘዘ። የጦሩ አዛዥ ማርሻል ኔዴሊን ራሳቸው ወንበር አስመጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ አለቃ እዚያ ከተቀመጠ ማን ይሸሻል? የሁለተኛው ደረጃ ሞተር ድንገት ተነሣ። ማርሻሉን ጨምሮ በርካቶች ተቃጠሉ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ከምንጭ ምንጭ ይለያያል። የሚሳኤሉ ንድፍ አለቃ ያንጌል ግን ሲጋራ ሊያጨሱ ወደ ምሽጉ ገብተው ስለነበር ተረፉ።

መንግሥት ማርሻሉ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ ብሎ አወጀ። የሌሎቹ ቤተሰቦች ዝም እንዲሉ ተደረገ። ልክ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1963፣ እዚያው ባይኮኑር አንድ የሚሳኤል ጉድጓድ ውስጥ እሳት ተነሥቶ እንደገና ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ዕለቱ ታገደ። የመጀመሪያው አደጋ እውነት በሶቪየት መጽሔት የወጣው በ1989 ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ሐውልቱ ምንም ቢል፣ ጋዜጣው ምንም ቢጽፍ፣ በዓመት አንድ ቀን ሥራ ይቆም ነበር፣ እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚቆም ያውቅ ነበር። እኛ ይህን አጉል እምነት ለማለት አፋችን አይደፍርም። ስለ ሞቱት መናገር ለተከለከሉ ሰዎች የቀረ አንድ የመናገሪያ መንገድ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረናል። «ቀኑ ገደ ቢስ ነው» ሲባል ጥፋቱ የቀኑ ይሆናል። ኦክቶበር 24 ግን ማንንም አላዘዘም። ያዘዘው ሰው ነው፣ የቸኮለውም ለበዓል ነው።

ይህ የሶቪየቶች ችግር ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። አሜሪካኖቹ 13 ቁጥርን ይፈራሉ። (ለ13 ወር ፀጋ ቱሪስት ስንጠራ የኖርን እኛ ይህ ፍርሃት አይገባንም።) አፖሎ 13 በ1970 በሂዩስተን ሰዓት 13፡13 ላይ ተነሣ፣ ኤፕሪል 13 ቀን የኦክስጅን ታንኩ ፈነዳ፤ ሦስቱም ሰዎች በጭንቅ ተመለሱ። ከዓመታት በኋላ የናሳ ኃላፊ የነበሩት ጄምስ ቤግስ የሽትል በረራዎች ቁጥር ወደ 13 ሲጠጋ ሌላ አቆጣጠር አመጡ፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ፍርሃት ነበር ይባላል። 13ኛ ሊባል የነበረው በረራ 41-ሲ ተባለ። ተጓዦቹ ግን ቀልደኞች ነበሩና ጥቁር ድመትና 13 ቁጥር ያለበት የራሳቸው አርማ አሠሩ። የተበላሸ ሳተላይት ጠግነው በሰላም ያረፉት ኤፕሪል 13 ቀን 1984፣ በዕለተ አርብ ነው።

በዚያው አዲስ አቆጣጠር 51-ኤል የተባለው በረራ ደግሞ ምንም 13 የለበትም። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ የማስነሻ ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች «ብርዱ በዝቷል፣ የጎማ ማሸጊያዎቹ አይታመኑም፣ አታስነሡ» ብለው ተከራከሩ። አለቆች አልሰሙም። በማግሥቱ ቻሌንጀር ከተነሣች ከ73 ሰከንድ በኋላ ተበታተነች፣ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ከቁጥሩ የተጠነቀቀ ድርጅት ከብርዱ አልተጠነቀቀም።

ለውዙን ሳናነሣ አናልፍም። ካሊፎርኒያ ያለው የናሳ ቤተ ሙከራ ለጨረቃ ዕቅዱ የላካቸው ስድስት ሬንጀር መንኮራኩሮች በተከታታይ ከሽፈው ነበር። ሰባተኛው በጁላይ 1964 ሲነሣ ዲክ ዋላስ የተባለ መሐንዲስ ሰው ጭንቀቱን እንዲያስታግስ ብሎ ለውዝ አዞረ። ሬንጀር 7 ከ4,300 በላይ ፎቶዎች ላከ። በ2021 መንኮራኩር ማርስ ላይ ሲያሳርፉም ለውዙ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጅ ሥራ ሲፈታ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ዋላስም ያሰበው ይህንኑ ነበር።

ጋጋሪን የተነሣበት ማስወንጨፊያ ከ2019 ወዲህ ሰው አልተነሣበትም፤ ተጓዦቹ የሚሄዱት ወደ ሌላ መደብ ነው። ጎማው ግን አልቀረም። ስጋት የመጣበት በዚያው በ2019 ነው፤ ሩሲያ ውስጥ አዲስ የጠፈር ልብስ ለዕይታ ቀረበና አሠራሩ መንገድ ላይ ወርዶ ለመሽናት እንደማያመች ተሰማ። ጋዜጠኞች ይህንን ሲጠይቁ የልብስ ሠሪው ድርጅት ኃላፊ የመለሱት፣ በተሰጣቸው የሥራ ዝርዝር ውስጥ ስለ ጎማ የተጻፈ ነገር አልነበረም የሚል ነው።