ሳጥኑ ውስጥ የተቆለፈው ቁልፍ

የተመረቅነው በጋዜጠኝነት ነው፤ ዛሬ ግን ስለ ሊኑክስ እናወጋለን። ጥፋቱ የኮምፒውተራችን ነው፤ የነገውን ጽሑፋችንን እንደያዘ አልነሳም አለን።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ይፋ ሲያደርግ ድራይቨሮቹ ሁሉ ያሉት ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነበር። የዕቃው ዓይነት ሲበዛ ከርነሉ አበጠ። ስለዚህ ድራይቨሮች ተነጥለው "ሞጁል" ተባሉና ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀመጡ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው፦ ዲስኩን የሚያስነብበው ሞጁል እዚያው ዲስክ ላይ ካለ ማን ያውጣው?

መላውን እ.ኤ.አ. በ1996 ቨርነር አልመስበርገርና ሃንስ ለርመን አመጡ፤ "ኢኒትአርዲ" ይባላል። ቡትሎደሩ ከከርነሉ ጋር ትንሽ ስንቅ ሜሞሪ ላይ ይጭናል፤ አስፈላጊዎቹ ሞጁሎች ከስንቁ ይወጣሉ፤ ዋናው ዲስክ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በ2003 መጨረሻ የወጣው ከርነል 2.6 ደግሞ ቀለል ያለውን "ኢኒትራምኤፍኤስ" ይዞ መጣ።

እኛ ዲስኩን ነቅለን ሌላ ማሽን ላይ ሰክተን ነበር (አዎ፣ በገዛ እጃችን!)። ስንቁ የተቋጠረው ለቀድሞው ማሽን ብቻ ስለነበር የአዲሱ ዲስክ መቆጣጠሪያ ሞጁል የለበትም። በፍላሽ አስነስተን ወደ ሲስተሙ ገባን፤ የሞጁሉን ስም የኢኒትራምኤፍኤስ ዝርዝር ላይ ጽፈን ስንቁን እንደገና ቋጠርነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳ። ጽሑፉም አለ፤ መጨረሻው አንቀጽ ግን አሁንም አልተጻፈም።