«አሳድጊልኝ» እና ጉዲፈቻ

«ጉዲፈቻ» ወደ አማርኛ የገባው ከአፋን ኦሮሞ ነው። ሥሩ «ጉዳ» ነው፤ ትልቅ ማለት። ከእሱ «ጉደቹ» ወጣ፣ ማደግ፤ ከዚያ ደግሞ «ጉዲሱ»፣ ማሳደግ። አንድ ደረጃ ሲጨምር «ጉዲፈቹ» ይሆናል። መጨረሻው ላይ የመጣው ቅጥያ አድራጊው ሥራውን ለራሱ ብሎ እንደሠራው ይናገራል፤ «ቢቱ» መግዛት ሲሆን «ቢተቹ» ለራስ መግዛት እንደሚሆነው። ስለዚህ ጉዲፈቻ በሥርወ ቃሉ «ለራስ ማሳደግ» ነው። የሌላ ሰው ልጅ በሽማግሌ ፊት ተቀብሎ፣ ከአብራክ ከወጣው እኩል አድርጎ፣ ውርሱንም ሳይነፍጉ ማሳደግ። ኦሮሞ አዋቂ ሰውን ወይም ወገንን ወደ ጎሳ የሚያስገባበትን ሥርዓት ለብቻው «ሞጋሳ» ይለዋል፤ እሱ ስም ከማውጣት ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ልጅን የሚመለከተው ግን ከማደግ የወጣው ነው።

አማርኛም የራሱ ቃላት ነበሩት፣ አሁንም አሉት። «ማደጎ» ከ«አደገ» የመጣ ነው። «የጡት ልጅ» የሚባለው ደግሞ ከሥርዓቱ ስሙን ያገኘ ነው፦ አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ያስነካና ልጁን ያጠባዋል፤ ከዚያ በኋላ ወንድ ቢሆንም እንኳ የጡት አባት ይባላል። ሕጋችን ግን ለሙሉው ነገር የመረጠው የኦሮሞውን ቃል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጉዲፈቻን በስሙ ጠርቶ ይደነግጋል፤ ዛሬ ከፍርድ ቤት ጸሐፊ እስከ ሰፈር እድር ድረስ ሌላ ቃል የሚፈልግ ሰው የለም። ጥሩ ምርጫ ነበር እላለሁ። ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠቀሙበት ቃል ከላቲኑ «አዶፕታሬ» የወረደ ሲሆን ፍቺው «ለራስ መምረጥ» ነው። የዐረብኛው «ተበኒ» ልጅ ከሚለው «ኢብን» ወጥቶ «ልጅ ማድረግ» ማለት ነው። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የሚሰሙት የዕብራይስጡ «ኢሙጽ» ከማጽናት፣ ከማበርታት የመጣ ነው። አንዱ በመምረጥ፣ አንዱ ልጅ በማድረግ፣ አንዱ በማጽናት ይጀምራል፤ ጉዲፈቻ የሚጀምረው ልጁን በማሳደግ፣ ማለትም ዓመታት በሚፈጀው ሥራ ነው።

የግዕዙ «ሕፃን» ራሱ ይህንኑ ሥራ በውስጡ ይዟል። «ሐፀነ» ማለት አቀፈ፣ ተንከባከበ፣ አሳደገ ነው፤ «ሕፅን» ደግሞ እቅፍ ወይም ጉያ ነው። ዐረብኛ በዚሁ ሥር «ሐደነ» ብሎ ማቀፍን፣ «ሐዳና» ብሎ ደግሞ በፍርድ ቤት ልጅን የማሳደግ መብትን ይጠራበታል። ሕፃን የምንለው ልጅ እንግዲህ በዕድሜው ሳይሆን ባቀፈው ሰው የተሰየመ ነው። በአማርኛ ስድብ እንኳ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል እንጂ ወላጅ አይነሳም።

የባሕር ማዶ ጉዳይ ሲመጣ ግን ጉዲፈቻ ከሚለው ቃል በፊት የሚሰማ ሌላ ቃል አለ፤ «አሳድጊልኝ»። እህት ለእህቷ በስልክ፣ በድምፅ መልእክት፣ አንዳንዴም በሞት አልጋ ላይ ሆና የምትለው ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «-ልኝ» ትንሽ ናት፣ ግን ከጉዲፈቻው ቅጥያ ፊት ለፊት የቆመች ናት። ጉዲፈቻ «ለራስሽ አሳድጊ» ሲል፣ እሷ «ለእኔ አሳድጊ» ትላለች። እናትነቴ እንዳለ ይሁን፣ ሥራውን ግን አንቺ ሥሪልኝ ማለት ነው። አክስትም «እሺ» ስትል የምትቀበለው ይህንኑ ነው። ልጁ አክስቱን «እማዬ» ብሎ፣ የወለደችውንም በስሟ ወይም «እታለም» ብሎ እየጠራ ያድጋል፤ ማንም አይደናገርም።

አማርኛ ለእህት ልጅ የተለየ አንድ ቃል የለውም። «የእህቴ ልጅ» እንላለን፣ ያም ቶሎ አጥሮ «ልጄ» ይሆናል። ለጎረቤቶቼ የኢሚግሬሽን ፎርም ስሞላ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይህ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ጀበናዋን አውርዳ ሳትቀዳ ጠረጴዛው ላይ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና ዳር ዳሩ የታጠፈ የትምህርት ቤት ፎቶ ደረደረች። «ከአመልካቿ ጋር ያለው ዝምድና» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄን ይዛ «ልጄ ብለሽ ጻፊ እንጂ» አለችኝ። «እትዬ፣ የእህትዎ ልጅ አይደል?» አልኳት። «ታዲያስ! የእህቴ ልጅ የማን ልጅ ነው?» አለች። በዚያ ቤት ውስጥ ውሸት አልተነገረም። ያንኑ ቃል ግን መስኮቱ ጋ ለቆመው የኢሚግሬሽን መኮንን ብትናገረው በፋይሉ ላይ «ሐሰተኛ መግለጫ» ተብሎ ሊገባባት ይችላል።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት በናይሮቢ በዋነኛነት የሶማሊያና የኢትዮጵያ ስደተኞችን የዲኤንኤ ምርመራ አደረገ፤ ዘመዶቻቸውን ለመቀላቀል ያመለከቱ ነበሩ። የተነገረው ዝምድና ሁሉ በሙሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከ20 በመቶ ያነሱ ሆኑ። ካልተረጋገጡት ውስጥ በርግጥም አጭበርባሪ ነበረ፤ ሳይቀርብ የቀረም፣ አልመረመርም ያለም ነበረ። ነገር ግን እውነቱን የተናገረ፣ ከእቅፉ ያልለየውን የሙት ወንድሙን ልጅ «ልጄ» ብሎ ያስመዘገበ ሰውም ነበረ፤ ምርመራው ከሌላው ሊለየው አልቻለም። ይህ ቤተሰብን የማገናኘት ፕሮግራም ታግዶ እንደገና የተከፈተው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔም ምርመራው ግዴታ ሆኖ።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንምጣ። የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ልጅን በጉዲፈቻ ለማስገባት ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ልጁን «ኦርፋን» ብሎ መጥራት ነው። ቃሉ ከግሪኩ «ኦርፋኖስ» የመጣ ነው፤ የተነጠቀ፣ የተቆረጠበት ማለት። ከዚያው ጥንታዊ ሥር ጀርመን ውርስን «ኤርበ» ይለዋል። እኛ በአማርኛ «የሙት ልጅ» እንላለን፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «እጓለ ማውታ»። በዐይኑ «ዕ» የሚጽፉትም አሉ፤ ዕጓል ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ የጥጃ ስም ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ግልገል፣ ጨቅላ ማለት ነው፤ ማውታ ከሞት የወጣ ነው። ግዕዝ ሰውን ሁሉ በጅምላ ሲጠራ ደግሞ «እጓለ እመሕያው» ይለዋል፤ የሕያዋን እናት ልጅ፣ የሔዋን ልጅ። አንድ ቃል ነው ሁለቱን የሚጠራው። ሰው መሆን የሕያዋን እናት ልጅ መሆን ነው፤ የሙት ልጅ መሆን ያቺን እናት ማጣት ነው።

በአሜሪካ ሕግ አንድ ልጅ ኦርፋን ለመባል ሁለቱም ወላጆቹ ሞተው፣ ጠፍተው፣ ጥለውት ወይም ተለይተውት መሆን አለበት፤ አለዚያ ያለው ወይም የቀረው አንድ ወላጅ ብቻ ሆኖ፣ ማሳደግ የማይችል መሆኑ ተረጋግጦ፣ ልጁን ላይመለስ በጽሑፍ የለቀቀው መሆን አለበት። አባትና እናቱ በሕይወት ኖረው በትዳር ላይ ያሉና ያልጣሉት ልጅ፣ ምንም ቢቸገር፣ ኦርፋን አይደለም። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ስለ «መጣል» የተጻፈው ማብራሪያ ነው። ወላጅ ልጁን ለአንድ ለታወቀ አሳዳጊ አሳልፎ ቢሰጥ ያ መጣል ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ እህቷን አምና «አሳድጊልኝ» ያለች እናት ልጇን አልጣለችም፤ ልጁም በዚህ ምክንያት ኦርፋን አይሆንም። ለማን እንደሚደርስ ሳታውቅ ብትተወው ኖሮ ግን አንዱ መሥፈርት ይሟላላት ነበር።

ሕጉን የጻፉት ሰዎች ልጅ እንዳይሸጥ ፈርተው ነው፣ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ከእነሱ መካከል ወላጆቻቸው ልጁ ተምሮ እንደሚመለስ፣ ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ ቤተሰቡን እንደሚረዳ አምነው የፈረሙ ነበሩ። እነዚያ ወላጆች በልባቸው የፈረሙት «አሳድጉልኝ» ላይ ነው፤ ወረቀቱ የያዘው ግን ላይመለስ መልቀቅን ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንዲት ከኢትዮጵያ የመጣች ልጅ ብርድ ላይ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈረደባቸው። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ጉዲፈቻን ዘጋች። ለምን እንደዘጋች ይገባኛል፣ እደግፋለሁም።

በሩ ሲዘጋ ግን አክስትም ውጭ ቀረች። አዋጅ ቁጥር 378/1996 እንደሚለው ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። የእህቷን ልጅ ለመርዳት አቅም ያገኘችው አክስት አብዛኛውን ጊዜ ዜግነቷን የቀየረችው ናት፤ በኦርፋን መንገድ ለማመልከትም የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግድ ይላታል። አሜሪካ ውስጥ ለማመልከት የሚያስፈልጋት ዜግነት በኢትዮጵያ ሕግ ፊት የውጭ ሰው ያደርጋታል። ሌላው መንገድ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው በጉዲፈቻ ወስዶ፣ ሕጋዊ ኃላፊነቱን ይዞ፣ ሁለት ዓመት አብሮ መኖር ነው። ግሪን ካርድ ያለውም በዚህ ማመልከት ይችላል። ግን የት አብሮ ይኖራል? ልጁ ቪዛ የለውም፤ አክስቲቱ ሥራዋን ትታ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ብትቀመጥ ግሪን ካርዷ አደጋ ላይ ይወድቃል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ እህቶቻችን ደግሞ «ከፊል» የሚለውን ቃል ከአሠሪያቸው አፍ ያውቁታል፤ ኢቃማቸውን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸውን፣ የያዘው ሰው ነው። ቃሉ ከ«ከፋላ» ነው። በእስልምና ሕግ ልጅን ከወላጁ ስምና ዘር ቆርጦ የራስ ማድረግ አይፈቀድም፤ ወላጅ የሌለውን ልጅ በኃላፊነት ማሳደግ ግን ትልቅ ምግባር ነው፣ ስሙም ከፋላ ነው። ያንን ደግ ሥራ የሚጠራ ቃል ዛሬ ሠራተኛን ከአሠሪ ጋር ማሠሪያ ሆኖ ማየቴ ያሳዝነኛል። በዚያ ትርጉሙ «አሳድጊልኝ» ከሚለው ሩቅ አይደለም፦ ስሙን ሳትቀማ፣ ኃላፊነቱን ውሰድ።

የእኛው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 183 ለዚህ ቅርብ ነው። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት ይቀጥላል ይላል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ አሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ «ለራስ ማሳደግ» እና «አሳድጊልኝ» አብረው ተቀምጠዋል። የአሜሪካው ሕግ በተቃራኒው፣ ልጁ በጉዲፈቻ ከገባ በኋላ የወለደችው እናት በእሱ በኩል ምንም የኢሚግሬሽን መብት አታገኝም ይላል። ልጁ አድጎ ዜጋ ሆኖ፣ 21 ዓመት ሞልቶት ለእናቱ ሊያመለክትላት ቢፈልግ፣ በዚያ ሕግ ዓይን እናቱ አይደለችም። ይህን ሳላስረዳ ለማንም እናት ወረቀት ሞልቼ አላውቅም። «ለጊዜው እኮ ነው» የምትል አለች፤ ለጊዜው የሚባል የለም፣ ያለቀ ነው ማለት አለብኝ።

በአሜሪካ ሕግ የእህት ልጅ የእህት ልጅ ሆኖ፣ ከእናቱ ሳይነጠል የሚቆጠርበት አንድ ወረፋ አለ። ዜጋ የሆነች እህት ለእህቷ ታመለክታለች፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች ከእናታቸው ጋር ይታያሉ። በዚያ ማንም የሙት ልጅ አይባልም፣ ማንም ላይመለስ አይፈርምም። ወረፋው ግን ከ15 ዓመት በላይ ይፈጃል። ማመልከቻው ራሱ መልስ ሳያገኝ የቆየበት ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ላይ ይቀነሳል፣ ወረፋ የተጠበቀበት ግን አይቀነስም። ስለዚህ ዜግነት የያዘች እህት ሁሉ ለእህቷ የምታስገባውን ወረቀት ነገ ሳትል ዛሬውኑ እንድታስገባ እለምናለሁ፤ ልጁ ገና ጡት ላይ እያለ፣ ማንም «አሳድጊልኝ» ሳይል።